አሥር ሚሊዮን ከሰባ ዘጠኝ

ሰርጸድንግል ነገሩን የሰማው ስንዴ ከምታራግፍ መርከብ ሥር ቆሞ ነው። ቆጠራውን ሊረከበው የመጣው ሸዋንግዛው ወረቀቱን ከእጁ እየተቀበለ፣ «ወዳጅህ ሊሄድ ነው አሉ፤ መምህር ውብሸት። ጡረታ ወጥቶ የለ? ሐሙስ በሾፌሩ በአለልኝ ተሳቢ መኪና ወደ አገሩ ይወጣል» አለው።

«ወዳጄ አይደለም» አለ ሰርጸድንግል።

«እሱንማ ወደቡ ሁሉ ያውቀዋል» ብሎ ሳቀ ሸዋንግዛው።

ሰርጸድንግል ታሊ ነው። ታሊ ማለት ከመርከብ የሚወርደውን ጆንያ የሚቆጥር ሰው ነው፤ አራት ጭረት ወደ ታች፣ አምስተኛዋን በላያቸው ጋደም፣ ከዚያ እንደገና አራት። ዕድሜው በዚህ አልቋል። ያንገበገበው ግን ጆንያው አይደለም፣ ቃል ነው። በ1973 ዓ.ም. ሰባተኛ ክፍል የማታ ትምህርት ሲማር የሒሳብ አስተማሪው ይኸው ውብሸት ነበር። አንድ ቀን ስለ ብቸኛ ቁጥሮች አስተማረ። ብቸኛ የሚባለው ከአንድና ከራሱ በቀር ሌላ ቁጥር እኩል የማያካፍለው ነው። ሰባት ብቸኛ ነው፣ አሥራ ሦስትም ብቸኛ ነው፤ አሥራ አምስትን ግን ሦስትና አምስት ይበሉታል። ሰርጸድንግል እጁን አወጣ።

«አንድስ? አንድን ማን ያካፍለዋል? ከሁሉ ብቸኛው እሱ አይደለም ወይ?»

ጥያቄው የሞኝ ጥያቄ አልነበረም። ውብሸት ግን ደክሞት ይሁን ንቆት፣ ከሰሌዳው ሳይዞር፣ «አንተ ሂድና ጆንያህን ቁጠር» አለው። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። በማግስቱ ወደቡ በር ላይ ሲደርስ አዲስ ስም ቆሞ ጠበቀው፤ ሰርጸ ጆንያ። ከዚያ ወዲያ ክፍል የሚባል አልረገጠም። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ጫኙም አውራጁም፣ ሾፌሩም ዘበኛውም በዚያ ስም ጠራው። ሠርጉ ላይ ሳይቀር አንዱ ሰካራም በዚያ ስም መርቆታል። ውብሸትን በልቡ «አንተ» እያለ ይሰድበዋል፤ መንገድ ላይ ሲያገኘው ግን በአፉ «እርስዎ» ይለዋል። አስተማሪ ነውና። ይህም ራሱ ያቃጥለዋል።

ቁጥሩ የመጣለት ባለፈው ጥቅምት ነው። አመጣጡ እንዲህ ነው። ሁመድ የሚባል የጥዖ ሰው፣ አፋር፣ አሰብ ሰጊር በሚባለው ሰፈር ሻይ ቤት አለው። ጉብዝናውን በዓረብ ጀልባ፣ በሰንቡቅ ላይ ስለጨረሰ አማርኛውን አቀላጥፎ ቢናገርም ቁጥር በአማርኛ አይሆንለትም፤ የሚቆጥረው በዓረብኛ ነው። ውብሸት ዓርብ ዓርብ ከሰዓት በኋላ የሚቀመጠው እዚያ ነበር። አንድ ቅዳሜ ሁመድ ለወደቡ ሰዎች ሻይ ይዞ ሲመጣ ሰርጸድንግልን ወደ ጎን ሳበው።

«ያ ሰርጸ፣ መምህሩ ቁጥር ልኮልሃል። ብቸኛ ነው ወይስ አይደለም፣ ይንገረኝ ብሏል።»

«እሱ ራሱ አፍ የለውም?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ ወላሂ! ያዝ ቁጥሩን፣ ከራሴ ሳይወድቅ። ዓሸራ መላዪን ወሰብዓ ወቲስዒን።»

«ድገመው።»

«ዓሸራ መላዪን! ወሰብዓ ወቲስዒን! ሻዬ ቀዘቀዘ እኮ አንተ ሰውዬ።»

ሰርጸድንግል ዓረብኛ ከሰላምታ አያልፍም፣ እንዲያልፍም አልፈለገም። ወሎ ውስጥ ቄስ ትምህርት ቤት ገብቶ ዳዊት የደገመ፣ የግዕዝ ቁጥር ከእነአጠራሩ የለቀመ ሰው ነው፤ ዓረብኛን «የተበላሸ ግዕዝ» እያለ ይንቀዋል። ዓሸራው ዐሥሩ ነው። መላዪን ሚሊዮን ነው። ሰብዓ ደግሞ በግዕዝ ሰባ ነው፤ ይህን የዳዊት ተማሪ ሁሉ ያውቃል። ከሰባ ቀጥሎ ዘጠና ሊመጣ አይችልም፣ ስለዚህ ቲስዒን ያለው ዘጠኝን መሆን አለበት። ሁለተኛ ሳያስብበት በቆጠራ ወረቀት ጀርባ ላይ 10,000,079 ብሎ ጻፈ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሕይወቱ ያ ቁጥር ሆነ። ውብሸት ሊያላግጥበት እንደላከው ቅንጣት አልተጠራጠረም። «ጆንያው ምን ሊለኝ ነው ብለው እየሳቁ ይሆናል። እኔ ደግሞ መልሱን ይዤ እሄዳለሁ፤ በተሰበሰቡበት፣ በሰው ፊት ያን ቃሉን መልሶ ይውጣታል» አለ። ሌላ የሚፈልገው ነገር አልነበረም።

አሰብ በቀትር ይሞታል። ከስድስት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ፀሐዩ ሰው ስለማያስቆም ወደቡ ሥራ ያቆማል፤ ሰው ሁሉ እርጥብ ጨርቅ ደረቱ ላይ ጥሎ ይጋደማል። ሰርጸድንግል ግን መሬት ላይ ተቀምጦ ያካፍላል። መጀመሪያ ከሁለት ተነሥቶ ብቸኛዎቹን ቁጥሮች ለቀመ፤ የሁለትን ብዜት ሰረዘ፣ የሦስትን ብዜት ሰረዘ፣ የአምስትን፣ የሰባትን፤ ሳይሰረዝ የተረፈው ብቸኛ ነው። ይህ ብቻውን አንድ ወር ፈጀ። ከዚያ በእያንዳንዳቸው ቁጥሩን ያካፍል ጀመር። ላቡ ወረቀቱ ላይ ይንጠባጠባል፤ ሲደርቅ የጨው ክብ ይሠራል፤ አንዳንዱ ክብ ዜሮ መስሎ አሳስቶታል።

«ሰው በቀትር ይተኛል» ትለዋለች ሚስቱ እቴናት።

«ሰው ይተኛ።»

«ይህ ቁጥር ምን ያደርግልሃል?»

«ስሜን ይመልስልኛል።»

እቴናት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች።

ሰባት ሞከረው፣ አምስት ቀረ። አሥራ ሦስት ሞከረው፣ አሥራ አንድ ቀረ። አሥራ ሰባት ሞከረው፣ አሥራ ስድስት ቀረ። አንድ ብቻ! አንድ ብቻ ቢጨመርበት አሥራ ሰባት ይውጠው ነበር። ሦስት ጊዜ ደጋግሞ አካፈለው፤ ሦስቴም አሥራ ስድስት። እሰይ አለና አለፈ። እንዳይሳሳት የወደቡን ዘዴ ተጠቀመ፤ ታሊዎች ቁጥር ከወረቀት ወደ ወረቀት ሲያዛውሩ ዘጠኝ ይጥላሉ። አኃዞቹን ደምሮ፣ ዘጠኝ ዘጠኙን ጥሎ፣ የተረፈውን ማመሳከር ነው። አንድ፣ ሰባትና ዘጠኝ አሥራ ሰባት፤ ዘጠኝ ሲጣል ስምንት። አዲስ ገጽ በጀመረ ቁጥር ስምንት መውጣቱን አይቶ ነው እጁን የሚያነሣው።

ወራቱ ሲገፉ ቁጥሩን ወደደው ቢባል ውሸት አይደለም። መቶ ሞከሩት፣ ሁለት መቶ ሞከሩት፣ አንዱም አልቆረሰውም። ጆንያ እየቆጠረ ሳለ፣ «አንተም እንደኔ ነህ፤ ማንም ውስጥህ አይገባም» ይለዋል በልቡ። በዓለም ላይ እንዲህ ያለ ነገር የነገረው ለእሱ ብቻ ነው።

ሸዋንግዛው ያን ወሬ ይዞለት በመጣ ዕለት፣ ሰኞ፣ የቀሩት ስድስት አካፋዮች ነበሩ። ሰኞ ሁለት፣ ማክሰኞ ሁለት አለ። ረቡዕ ቀትር ላይ የመጨረሻው ላይ ደረሰ፤ ሦስት ሺህ አንድ መቶ ሠላሳ ሰባት። ድርሻው 3187፣ ቀሪው 2460። ቀጣዩን ብቸኛ ቁጥር፣ 3163ን፣ ሲሞክር ድርሻው 3161 ሆነ፤ ከአካፋዩ አነሰ። እዚህ ላይ እርሳሱን አስቀመጠ። ድርሻው ካነሰ ወዲያ ያለው መንገድ የመጣበት መንገድ ነው፤ ትልቁ የሚያካፍለው ቢሆን ኖሮ ታናሽ ጥንዱ ቀድሞ ተገኝቶ ነበር። ይህን ማንም አላስተማረውም፣ ራሱ ነው የደረሰበት። አራት መቶ አርባ ስድስት አካፋይ፤ አንዱም አልበላውም። ቁጥሩ ብቸኛ ነው። ወረቀቶቹን ደርድሮ በሲባጎ አሠራቸው።

ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁመድ ሻይ ቤት ደረሰ። የአለልኝ ተሳቢ መኪና ተጭኖ ደጅ ቆሟል፤ ሙቀቱ በረድ ሲል ሊነሣ ነው። ውስጥ አንድ አሥር ሰው የሚሆን መምህሩን ሊሰናበት ተቀምጧል።

«ጆንያው መጣ!» አለ ሾፌሩ አለልኝ። «ቦታ ልቀቁ፣ ጭነት ነው!»

ሰዎቹ ሳቁ። ሰርጸድንግል ወደ ውብሸት ጠረጴዛ ቀጥ ብሎ ሄደ። ውብሸት ፀጉሩ ጥጥ መስሏል፤ ሸሚዙ አንገቱ ላይ ሰፍቶታል።

«መምህር፣ ጥቅምት ላይ ቁጥር ልከውልኝ ነበር።»

ውብሸት ብርጭቆውን አኖረ። «ልኬ ነበር።»

«ብቸኛ ነው።» ጥቅሉን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። «አራት መቶ አርባ ስድስት አካፋይ ሞክሬበታለሁ። እዚህ አለልዎ። እንግዲህ በነዚህ ሰዎች ፊት ያሉኝን ቃል ያንሡልኝ።»

«የቱን ቃል?» አለ አለልኝ ጣልቃ ገብቶ።

«አንተን አይደለም።»

«ሂድና ጆንያህን ቁጠር ያልኩትን ነው» አለ ውብሸት ቀስ ብሎ። «የረሳሁት መሰለህ፣ ሰርጸድንግል? ከአፌ እንደወጣ ነው የቆጨኝ። አንድ ለምን ብቸኛ እንዳልሆነ ያን ቀን እኔም በደንብ አላውቀውም ነበር፤ የሸሸሁት ለዚያ ነው።» በጣቱ ጥቅሉን ነካ። «ቁጥሩ ግን ብቸኛ አይደለም።»

«ነው!»

«አሥራ ሰባት ይበላዋል። አሥራ ሰባት ጊዜ አምስት መቶ ሰማንያ ስምንት ሺህ ሁለት መቶ አርባ አንድ። የመረጥኩት እኔ ነኝ እኮ።»

«አሥራ ሰባትማ አሥራ ስድስት ያስተርፋል! ሦስቴ ነው ያየሁት! ይኸው፣ የመጀመሪያው ገጽ!»

«አሥራ ሰባትና አሥራ ስድስት ተጣሉ» አለ አለልኝ። «ሁመድ፣ ሽማግሌ ሁን እንጂ!»

ውብሸት ገጹን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ አየ። ከዚያ የሲጋራ ካርቶን ገልብጦ በእስክሪብቶ 10,000,097 ብሎ ጻፈና ከወረቀቱ ጎን አኖረው። ሰርጸድንግል አንዱን አየ፣ ሌላውን አየ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«የላክሁልህ ቁጥር።»

«የላኩልኝ ሰባ ዘጠኝ ነው።»

«ዘጠና ሰባት ነው። ሁመድ! ምን ብለህ ነገርከው?»

«አንተ እንዳልከኝ ነዋ። ሰብዓ ወቲስዒን።» ሁመድ ጣቶቹን ዘረጋ። «ሰብዓ፣ ይኼ ሰባት። ቲስዒን፣ ዘጠና። እኛ ትንሹን ነው የምናስቀድም። ልጅ እንኳ ያውቃል፣ ወላሂ።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ሰርጸድንግል የየገጹን አናት በጣቱ ያሳይ ጀመር። «ዘጠኝ ጥያለሁ» አለ። «በየገጹ ነው የጣልኩት። ስምንት ነው የሚወጣው።»

«የኔም ስምንት ነው የሚወጣው» አለ ውብሸት። «ሰባትና ዘጠኝ ቢገለባበጡ ድምራቸው ያው አይደለም ወይ? ዘጠኝ መጣል የተገለበጠ አያይም።»

ይህን እሱ ነበር ማወቅ የነበረበት፤ አስተማሪው ሳይሆን ታሊው። አሥራ ስድስት ዓመት ከመርከብ ሥር ቆሞ ያመሳከረው ሁሉ በዓይኑ ዞረ። ስንቱ ተገልብጦ በእጁ አልፎ ይሆን?

መጀመሪያ የሳቀው አለልኝ ነው። «ስምንት ወር! የሰው ቁጥር ሲያካፍል ከርሞ!» አለና ሆዱን ያዘ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ውብሸት ብቻ አልሳቀም።

«ስማኝ» አለ ወደ ሰርጸድንግል ጎንበስ ብሎ። «በወረቀት ጽፌ ብልክ እጄን አይተህ ትቀደው ነበር። ለዚህ ነው በአፍ የላክሁት። ዘጠና ሰባትን የመረጥኩት ደግሞ አሥራ ሰባት ላይ እንደሚወድቅ አውቄ ነው፤ ከሁለት ብትነሣ ሰባተኛው ብቸኛ ቁጥር ነው። በአንድ ቀትር ታገኘዋለህ፣ ደስ ብሎህ ትመጣለህ፣ እኔም ይቅርታ እጠይቅሃለሁ ብዬ ነበር። ሦስት ዓርብ አጠገቤ ወንበር ይዤልህ ተቀመጥኩ። አልመጣህም። ንቆኛል ብዬ ተውኩት።»

ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ልቡ ይራራ ነበር። ሰርጸድንግልን ግን ከሳቁ ይልቅ የወጋው ይህ ነው። ለካ የላከለት ቁጥር የሕፃን ቁጥር ነው። እሱ ሊዋጋ ስምንት ወር ሲታጠቅ፣ ያኛው ከረሜላ ነው የላከለት።

«ያንተኛው ቁጥር» አለ ውብሸት፣ ሰውን ለማጽናናት በሚወጣው ድምፅ፣ «ሰባ ዘጠኙ፣ ብቸኛ ነው። አምኜሃለሁ። ያን ቃሌንም በሁሉም ፊት አንሥቻለሁ። በቃ?»

ይኸው መጣ። አሥራ ስድስት ዓመት የጠበቀው ቃል፣ በሰው ፊት፣ በራሱ በውብሸት አፍ። ሰርጸድንግል ቃሉን እንደ ጆንያ በዓይኑ መዘነው፤ ባዶ ነበር።

«ማመን ለቤተ ክርስቲያን ነው» አለ። «አንተ አካፍል።»

«አንተ» ማለቱን ሁሉም ሰማ። ሁመድ የያዘውን ማንቆርቆሪያ እንዳንጠለጠለ ቀረ። ውብሸት መነጽሩን ከኪሱ አወጣና የመጨረሻውን ገጽ ወደ ራሱ ሳበው። ሰርጸድንግል የጻፈውን በመዳፉ ከልሎ፣ በሲጋራው ካርቶን ጀርባ አሥር ሚሊዮን ከሰባ ዘጠኝን ለሦስት ሺህ አንድ መቶ ሠላሳ ሰባት ማካፈል ጀመረ። እጁ እንደ ድሮው ፈጣን አልነበረም። አንዴ ተሳሳተ፣ ሰረዘ፣ እንደገና ጀመረ። አለልኝ ወጥቶ ሞተር አስነሣ። ጥሩምባ ነፋ። ውብሸት አልተነሣም።

«ሁለት ሺህ አራት መቶ ስልሳ» አለ በመጨረሻ። መዳፉን አነሣ። ከሥሩ 2460 ተጽፏል። ለተማሪ እንደሚያደርገው ከቁጥሩ ጎን የልክ ምልክት አደረገ። «ይህ ልክ ነው።»

«አራት መቶ አርባ አምስት ቀረ።»

«ሰርጸ፣ መኪናው...»

«አራት መቶ አርባ አምስት ቀረ።»

«እንግዲያው ስጠኝና ይዤው ልሂድ። ቤቴ ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ አየዋለሁ፤ አይቼ እጽፍልሃለሁ፣ በእግዚአብሔር ስም።»

ሰርጸድንግል ጥቅሉን አየ። ሌላ ግልባጭ የለውም። መንገድ ላይ ካለችው ከደባይሲማ ወዲያ በተሳቢው መስኮት የሚገባው ነፋስ ታየው፤ ሽማግሌው ራሱን ደረቱ ላይ ጥሎ ሲያንቀላፋ፣ ወረቀቶቹ አንድ በአንድ ወደ ጨው ሜዳው ሲበሩ። ደግሞም የማይመጣ ደብዳቤ ሲጠብቅ ራሱን አየ። በቀትር የተቀመጠበት ያ ሁሉ ዘመን በፖስታ ቤት ደጅ ሊያልቅ።

«ተመልሰው ይምጡና እዚሁ ይዩት» አለ። «እርስዎ» ተመልሷል።

«አልመለስም እኮ፣ ልጄ።»

«አውቃለሁ።»

ሲባጎውን ጠቅልሎ አሠረ። ውብሸት ሊጨብጠው እጁን ዘረጋ፤ የሰርጸድንግል ሁለት እጆች ግን ጥቅሉን እንዳቀፉ ናቸው፣ አላወረደውም። የውብሸት እጅ ጥቂት አየር ላይ ቆየና ወደ ኪሱ ገባ። ሰዎቹ ሽማግሌውን ደግፈው ወደ መኪናው አወጡት። ተሳቢው አቧራውን አስነሥቶ ወደ ዳገቱ መንገድ ሲዞር የሻይ ቤቱ ሰው ሁሉ ደጅ ቆሞ እጁን ያውለበልብ ነበር፤ ውስጥ የቀረው ሰርጸድንግል ብቻ ነው። ከአራት መቶ አርባ ስድስቱ የተመሰከረለት አንዱ ብቻ ነው። የቀረውን የሚያይለት ዓይን በአሰብ አልነበረም፤ የነበረው አንድ ነው፣ እሱም ሄደ።

በማግስቱ ጠዋት ወደቡ በር ላይ ወረፋ ይዞ ቆሞ ሳለ፣ ከኋላ አንዱ አውራጅ በሙሉ ድምፁ ተጣራ።

«ሰባ ዘጠኝ! አንተ ሰባ ዘጠኝ!»

ወረፋው በሙሉ ሳቀ። ጆንያ የሚለውን ያነሣ አንድም ሰው አልነበረም። ሰርጸድንግል ማን እንደተጠራ ሊጠይቅ አላሰበም፤ ዞሮ፣ «አቤት» አለ።